የትምህርት ቤት የጥርስ ነርስ፦ የመከላከል ሥልጠና ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

የጥርስ በሽታ ሰውን በአንድ ሳምንት አልጋ ላይ ጥሎ የሚገድል ወይም ከመንደር ወደ መንደር ተዛምቶ መንግሥትን የሚያስደነግጥ ባለመሆኑ፣ በብዙ አገሮች የጤና ዕቅድ ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ሲመደብ ኖሯል። ሆኖም ማንኛውም መምህር እንደሚያውቀው ጥርሱን ያመመው ሕፃን ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል፤ ጧት ትምህርት ቤት ቢመጣም ጉንጩን በእጁ ደግፎ ይቀመጣል እንጂ ከሚባለው አንዱም አይገባውም። ወላጆቹ ሊያሳክሙት ቢፈልጉ የጥርስ ሐኪም በአቅራቢያቸው አይገኝም፤ ቢገኝም የሚከፍሉት አይኖራቸውም። ስለሆነም የነገሩ መጨረሻ ጉጠት ነው።

ይህን ችግር በጥርስ ሐኪሞች ብቻ መወጣት እንደማይቻል በመገንዘብ፣ ከሐኪም ያነሰ ሥልጠና ያላቸውን ነገር ግን ለተወሰነ ተግባር በሚገባ የተዘጋጁትን የጤና ሠራተኞች ማሠልጠን ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሥልጠና ታሪክ፣ በተለይም ለብዙ አገሮች እንደ አብነት ሲጠቀስ የኖረውን የኒውዚላንድን ልምድ መመርመር ነው። ጽሑፉ የሚያነሣው ዋና ጥያቄም፣ በሽታን ለመከላከል ታስቦ የተቋቋመ አገልግሎት እንዴት ሆኖ ጥርስ የመሙላት አገልግሎት ሊሆን እንደቻለ የሚመለከት ነው። ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብ ዘንድ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሙከራ

የመጀመሪያው የታወቀ ሙከራ የተደረገው በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት፣ በብሪጅፖርት ከተማ ነው። አልፍሬድ ፎንስ የተባለው የጥርስ ሐኪም በየዕለቱ የበሰበሰ ጥርስ ሲሞላና ሲነቅል ከኖረ በኋላ፣ በሽታው ሳይጀምር መድረስ ይሻላል ከሚል አሳብ ላይ ደረሰ። በ1906 ረዳቱ የነበረችውን አይሪን ኒውማንን ጥርስ እንዴት እንደሚጠረግና እንደሚወለወል አስተማራት። የእርሷ ሥራ በጥርስ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ማስለቀቅ፣ ማጽዳትና ባለ ጥርሱ በቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት ማስረዳት ነበር እንጂ መንቀልም ሆነ መሙላት አልነበረም። በ1913 ፎንስ ከሕክምና ክፍሉ ጐን በነበረው የመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመትም 27 ሴቶች ተመረቁ። ከመካከላቸው መምህራንና ነርሶች ይገኙባቸው ነበር።

ፎንስ ለእነዚህ ሠራተኞች የሚሰጠውን ስም በጥንቃቄ አስቦበታል። ነርስ የሚለው ስም ሰውን ስለ በሽታ ያሳስበዋል፤ ስለዚህ የጤንነትን እንጂ የበሽታን ትርጉም የማይሰጥ ስም ያስፈልጋል ብሎ፣ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ አሰኛቸው። ነገሩ የስም ብቻ ይመስላል፤ ግን ወደ ኋላ እንደምናየው ስሙ የሥራውን ወሰን ጭምር ይዞ ነበር። ተመራቂዎቹ በብሪጅፖርት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተመድበው ከዝቅተኛዎቹ ክፍሎች ጀምሮ የሕፃናትን ጥርስ እያጸዱ፣ በክፍል ውስጥ ብሩሽ አያያዝን እያሳዩ፣ ወላጆችንም እያነጋገሩ ሠሩ።

ዛሬ ባለው እውቀት ሲታይ ፎንስ አንድ ነገር ጐድሎበት ነበር። ጥርስን የሚያበሰብሰው በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚሠሩት አሲድ እንደሆነ በእርሱም ዘመን የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጥርስን ማጽዳት ብቻውን ድድን ከበሽታ የሚጠብቀውን ያህል ጥርሱን ራሱን ከመበስበስ እንደማይጠብቀው፣ ለዚህ ጥቂት ፍሎራይድ በጥርሱ ላይ መገኘት እንዳለበትና ስኳርም መቀነስ እንዳለበት የተረጋገጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቢሆንም ሠራተኛውን ካልታመመው ሕፃን ዘንድ የመላክ አሳብ በመጀመሪያ በሥራ የተገለጠው በዚያች ከተማ ነው።

የኒውዚላንድ ልምድ

ኒውዚላንድ ወደዚህ ጉዳይ የገባችው በጦርነት በኩል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደርነት የቀረቡት ወጣቶች ሲመረመሩ የብዙዎቹ ጥርስ ደረቅ ብስኩት እንኳ ማኘክ የማይችል ሆኖ ተገኘ። ሠራዊቱ የራሱን የጥርስ ሕክምና ክፍል ለማቋቋም ተገደደ፤ የዚህም ክፍል መሪ ቶማስ አንደርሰን ሃንተር ነበር። ሃንተር በጦርነቱ ጊዜ የሺህዎችን ወጣቶች አፍ ከመረመረ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ፣ በሃያ ዓመቱ የተበላሸውን አፍ ለመጠገን መሞከር ከንቱ ድካም ስለሆነ ሥራው በትምህርት ቤት መጀመር አለበት የሚል ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በመንግሥቱ የጤና መሥሪያ ቤት የጥርስ ጤና ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

ነገር ግን ሐኪም ከየት ይምጣ? በአገሪቱ የነበሩት የጥርስ ሐኪሞች ለአዋቂው ሕዝብ እንኳ አይበቁም ነበር። ከዚህም በላይ ሐኪም የሕፃን ጥርስ መሙላትን እንደ ትርፍ የለሽ ሥራ ይቈጥረው ነበር። ሃንተር ያቀረበው መፍትሔ ወጣት ሴቶችን ለሁለት ዓመት አሠልጥኖ፣ በሐኪም የበላይ ተቈጣጣሪነት የሕፃናትን ጥርስ እንዲመረምሩ፣ እንዲሞሉ፣ አስፈላጊ ሲሆንም እንዲነቅሉ ማድረግ ነበር። የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ1920 ተሰብስቦ ብዙ ከተከራከረ በኋላ በድምፅ ብልጫ አሳቡን ተቀበለ። በሌሎች አገሮች እንደምናየው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1921 በዌሊንግተን ከተማ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ትምህርታቸውን ጀመሩ። መጀመሪያ በሰው ሠራሽ የጥርስ ቅርጽ ላይ፣ ከዚያም በሕያው ሕፃን ላይ እየተለማመዱ የሁለት ዓመቱን ኮርስ ከጨረሱ በኋላ በየአውራጃው ተመደቡ። ምድቡ የሆነው በሆስፒታል ሳይሆን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ በተሠራች አነስተኛ ቤት ውስጥ ነው። መሰርሰሪያው እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር እየተረገጠ የሚዞር ነበር። ነርሷ በእርሷ ሥር የተመዘገበውን እያንዳንዱን ሕፃን በየስድስት ወሩ ጠርታ ትመለከታለች። ሕፃኑ ራሱ የሚመጣበት፣ እናት ሥራ የምትፈታበት፣ አባት የሚከፍልበት ነገር የለም፤ መምህሩ ስሙን ይጠራል፣ ሕፃኑም ግቢውን ተሻግሮ ይገባል። የዚህ አሠራር ዋና ብልሃት እዚህ ላይ እንደሆነ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል። አገልግሎቱ ከታመመው ፈቃድና ከወላጅ ኪስ ጋር ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ስም መጥሪያ ጋር ተያይዞ ነበር።

ለምን ሴቶች ብቻ ተመረጡ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ሴት ከሕፃን ጋር ትግባባለች የሚለው ምክንያት በይፋ ሲነገር፣ የሴት ደመወዝ አነስተኛ መሆኑ ደግሞ ሳይነገር የሚታወቅ ነበር። ነገሩ ውሎ አድሮ ሳይፈነዳ አልቀረም፤ በ1974 የጥርስ ነርሶች የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ስለ ደመወዛቸው ለመጠየቅ ወደ ፓርላማው በሰልፍ ሄደዋል። በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሥራ ያስገኛል ተብሎ የሚመሰገን ማንኛውም አሠራር፣ ወጪው በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ አብሮ መመርመር ይገባዋል።

የተቈጠረውና ያልተቈጠረው

አገልግሎቱ በፍጥነት አደገ። ሌሎች የማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች በ1950ዎቹ በኦክላንድና በክራይስትቸርች ተከፈቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1951 ያሳተመው የጆን ፉልተን ጥናት ስለዚህ አገልግሎት የተጻፈ ሲሆን፣ የኒውዚላንድን ስም በብዙ አገሮች የጤና ባለሥልጣኖች ዘንድ ያስጠራው ይኸው ነው። ፉልተን ያየው ነገር ሁለት ገጽ ነበረው። በአንድ በኩል፣ የበሰበሰ ጥርስ ኖሮት ሳይሞላለት የቀረ ተማሪ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን በየትኛውም አገር የማይታይ ነገር ነው። በሌላው በኩል፣ የመበስበሱ መጠን ራሱ ከፍተኛ እንደሆነ ነበር። ነርሷ በሽታውን እግር በእግር እየተከተለች ትጠግን ነበር እንጂ አልቀደመችውም።

ለምን አልቀደመችውም? ለዚህ የሚሰጠው መልስ ብዙ ነው፤ ከሁሉ ግን የሪፖርቱ ቅጽ ይበልጥ ያስተምራል። ለፓርላማ በሚቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የሚታየው የተሞሉ ጥርሶች ብዛት፣ የተነቀሉ ጥርሶች ብዛት፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ መቶ ሙሌት ስንት ጥርስ እንደተነቀለ ነበር። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከዓመት ዓመት እያነሰ መሄዱ የአገልግሎቱ ኩራት ነበር፤ ኩራቱም አለአግባብ አልነበረም፤ የተሞላ ጥርስ ከተነቀለ ጥርስ ይሻላልና። ይሁን እንጂ ሳይበሰብስ የቀረ ጥርስ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ነርሷ በክፍል ውስጥ ስለ ጣፋጭ ምግብ ስታስተምር የዋለችበት ቀን በቅጹ ላይ ባዶ ቀን ሆኖ ይታያል፤ አሥራ አምስት ጥርስ የሞላችበት ቀን ግን የሥራ ቀን ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ትጉህ ሠራተኛ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። እርግጥ ነርሶቹ ማስተማራቸውን አልተዉም፤ ሥዕልና ፖስተር ያዘጋጁ፣ ሕፃናትን በሰልፍ አቁመው ብሩሽ ያለማምዱ ነበር። ነገር ግን የዕለቱ ጊዜ በወንበሩ ዙሪያ ያልቅ ነበር።

የቅጹ ተጽዕኖ ከዚህም አልፎ ነበር። ገና በጥርሱ የላይኛው ሽፋን ላይ የጀመረ፣ ቢተውና ቢጠበቅ ሊቆም የሚችል ትንሽ ምልክት ሳይቀር ተሰርስሮ ይሞላ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ መሥሪያ ቤቱ ለመሙላት የሚያበቃው ጉድለት ምን ያህል መሆን እንዳለበት የሚወስነውን መለኪያ ሲለውጥ፣ የሙሌቱ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጉልህ ቀነሰ። በዚያው ዘመን የፍሎራይድ ጥርስ ሳሙና እየተስፋፋ በመሄዱ፣ የሄስቲንግስ ከተማ በ1954 የጀመረችውን በመጠጥ ውኃ ላይ ፍሎራይድ የመጨመር ሥራ ሌሎች ከተሞችም በመከተላቸው፣ የመበስበሱ መጠን ራሱ ወርዷል። ከዚያ በፊት ግን አንድ አሳዛኝ ነገር ታይቶ ነበር። በልጅነታቸው በየስድስት ወሩ ሲታከሙ ያደጉት ኒውዚላንዳውያን ዐዋቂ ሲሆኑ ብዙዎቹ ጥርሳቸውን በሙሉ አስነቅለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደርጉ ነበር። በ1970ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች ያስደረገው የንጽጽር ጥናት ይህንኑ አጋልጧል፤ የሕፃናቱ ሕክምና ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ሳለ የመካከለኛ ዕድሜ ሰዎች ጥርስ አልባነት ከከፍተኛዎቹ መካከል ነበር።

ልጆቹስ ክሊኒኩን ምን ብለው ይጠሩት ነበር? የግድያ ቤት። ይህ ስም እስከ ዛሬ በአገሪቱ ይታወሳል፤ አረጋውያን እየሳቁ ያወሩታል። የእግር መሰርሰሪያውን ዝግታና ማደንዘዣ የሌለበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ስሙ የሚያስደንቅ አይሆንም። ግን ለመምህራን አንድ ነገር ይጠቁማል። ሕፃኑ ከጥርስ ጤና ሠራተኛ ጋር የሚተዋወቀው በሕመም ብቻ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ያንን ሠራተኛ ለመሸሽ እንጂ ለመፈለግ ምክንያት አይኖረውም። ከላይ ለተጠቀሰው ጥርስ አልባነት ይህ ብቻውን ምክንያት ነው ባይባልም ድርሻ አልነበረውም ለማለት ያዳግታል።

የሐኪሞች ተቃውሞ

የኒውዚላንድን አሠራር ብዙ አገሮች ተከትለዋል። በማላያ በፔናንግ በ1949 የተከፈተው ማሠልጠኛ ከቀደሙት አንዱ ነው። ብሪታንያ ደግሞ በለንደን ኒው ክሮስ በተባለው ሰፈር በ1960 ሥልጠናውን በሙከራ ጀመረች። በአንዳንድ ቦታ ግን አሳቡ ገና ሳይተከል ተነቅሏል። የማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት በ1949 ፎርሳይት በተባለው የሕፃናት ጥርስ ሕክምና ተቋም ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ እንዲደረግ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ የጥርስ ሐኪሞቹ ማኅበራት በየአቅጣጫው ስለተነሡበት በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ተሻረ። ያው ተቋም በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ሞክሮ እንደገና በሕግ እንዲያቆም ተደርጓል።

በካናዳ የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ታሪክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ በ1974 የተጀመረው የሕፃናት የጥርስ ጤና ዕቅድ በየትምህርት ቤቱ የተመደቡ የጥርስ ነርሶችን በመጠቀም እጅግ ብዙውን ተማሪ ሊያዳርስ ችሎ ነበር። ነገር ግን በ1987 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አገልግሎቱን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ለግል ሐኪሞች ሰጠው፤ ነርሶቹም ከሥራ ወጡ። የሥራው ጥራት አንሶ አልነበረም። ይህን የሚያነብ የዕቅድ ባለሙያ፣ አንድ አገልግሎት በሕዝቡ ልማድና በትምህርት ቤቱ ሥርዓት ውስጥ ምን ያህል ሥር ቢሰድም በአንድ የበጀት ውሳኔ ሊነቀል እንደሚችል ያስተውላል።

ከእነዚህ ሁሉ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሥልጠና ይበልጥ የሚቀርበው የአላስካ ታሪክ ነው። በዚያ ሰፊና በበረዶ የተሸፈነ አገር፣ መንገድ በማይደርስባቸው የነባር ሕዝቦች መንደሮች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከመንደሩ የተመረጡ ሰዎች በአጭር ሥልጠና የጤና ረዳት ሆነው ያገለግሉ ነበር። የጥርስ ሐኪም ግን በአውሮፕላን በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። በ2003 የነባር ሕዝቦቹ የጤና ድርጅቶች ወጣቶችን መርጠው ወደ ኒውዚላንድ፣ ወደ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ላኩ። በአሜሪካ ምድር ይህን ሥልጠና የሚሰጥ ስላልነበረ ነው ከዓለም ዳር እስከ ዳር የተጓዙት። ተመልሰው ሥራ ሲጀምሩ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2006 በፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ክርክሩ በ2007 ለሠራተኞቹ በሚበጅ መንገድ አበቃ፤ በዚያው ዓመት ሥልጠናው በአላስካ በራሱ ተጀመረ። ከመንደሩ ተመርጦ፣ የመንደሩን ቋንቋ እየተናገረ፣ ወደ መንደሩ የሚመለስ ሠራተኛ በመሆኑ፣ ከኒውዚላንዷ ነርስ ይልቅ የእኛን የጤና ወኪል ይመስላል።

ወንበሩ የሌለበት ሥራ

በ1978 በአልማ አታ የተደረገው ጉባኤ የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅን መርሕ ካወጀ በኋላ፣ የጥርስ ነገር ከዚህ መርሕ ጋር እንዴት ይስማማል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ኤሌክትሪክና የቧንቧ ውኃ ለሌለው መንደር የጥርስ ሕክምና ወንበር ሕልም ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው አሠራር ለዚህ አንድ መልስ ሰጠ። በዚህ አሠራር የበሰበሰው የጥርስ ክፍል ያለ መሰርሰሪያ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ተፍቆ ይወጣና ጉድጓዱ ፍሎራይድ በሚለቅና በጥርሱ ላይ በሚጣበቅ ሲሚንቶ ይሞላል። ሕመሙ ጥቂት ነው፤ መሣሪያውም በአንድ ቦርሳ ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍ ጤናን መሪ ቃል ባደረገበት በ1994 የዓለም ጤና ቀን ይህን ዘዴ ለዓለም አስተዋውቋል። በ2021 ደግሞ የፍሎራይድ ጥርስ ሳሙናና ይህ ዓይነቱ ሲሚንቶ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብተዋል።

ከዚህ ይበልጥ ወደ ትምህርት ቤት የሚቀርበው የፊሊፒንስ ሙከራ ነው። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ አገር በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናቱ በየዕለቱ እጃቸውን በጋራ ይታጠባሉ፣ በፍሎራይድ ሳሙና ጥርሳቸውን በጋራ ይቦርሻሉ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የትላትል መድኃኒት ይወስዳሉ። ሥራውን የሚመራው መምህሩ ነው። የጤና ሠራተኛው መምህሩን ያሠለጥናል፣ ዕቃውን ያቀርባል፣ ይቈጣጠራል እንጂ በየክፍሉ አይቆምም። ፎንስ ከመቶ ዓመት በፊት ለባለሙያው የሰጠው ሥራ እዚህ ላይ ለክፍል መምህሩ መተላለፉን ልብ ይሏል። መምህሩ ሌላ ሸክም ተጨመረብኝ ቢል አይፈረድበትም፤ ሆኖም ጥርስ መቦረሽ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

የአገራችን ሁኔታ

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከሐኪም በታች ያሉ ሠራተኞችን ለመከላከል ሥራ የማሠልጠን ታሪካችን ከብዙ አገሮች የማያንስ ነው። በ1954 በጐንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኛ በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ከአልማ አታ በኋላ በገበሬ ማኅበራት የተመረጡ የጤና ወኪሎች በአጭር ጊዜ ሠልጥነው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች የተመደቡበት የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተዘረጋ። ከሰላሳ ሺህ በላይ ሠራተኞች የተሰማሩበት ይህ መርሐ ግብር ሲጀመር 16 የትምህርት ክፍሎች ነበሩት። መፀዳጃ፣ ክትባት፣ ወባ፣ የእናቶች ጤና፣ ሁሉም ተገቢ ቦታቸውን አግኝተዋል። አፍና ጥርስ ግን ራሱን የቻለ ክፍል አልነበረውም።

ይህ ሲባል ግን ሕዝቡ ከባዶ ይነሣል ማለት አይደለም። የወይራና የልምጭ መፋቂያ በየገበያው የሚሸጥ፣ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው መሣሪያ ነው። በ1978 በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እንዳሳየውም፣ መፋቂያ በሥርዓት ከተጠቀሙበት በጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ በማስለቀቅ ከብሩሽ የማያንስ ነው። ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚፍቀው የፊት ጥርሱን ብቻ መሆኑ ነው። የመንጋጋው ጥርስ መኝታ፣ ከውስጥ በምላስ በኩል ያለው ገጽና የድዱ ዳር ሳይነካ ይቀራል። ይህን ለማሳየት መምህሩ መፋቂያ ይዞ በክፍል ፊት መቆሙ ይበቃል። መፋቂያ ፍሎራይድ እንደማይሰጥ ግን አብሮ መታወቅ አለበት፤ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ በሚበዛባቸው ከተሞች ይህ ጉድለት ይሰማል።

ሌላው ሠልጣኙ ሊያውቀው የሚገባ ነገር በአንዳንድ አካባቢ የሚደረገው ግግ ማውጣት ነው። ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው፣ በድዱ ላይ የሚታየው እብጠት የበሽታው ምክንያት ተደርጎ በስለት ይወጣል። የሚወጣው ግን ገና ያልበቀለ የውሻ ክራንቻ ቡቃያ ነው። ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ከማስከተሉም ሌላ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። በእስራኤል የሚገኙ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተሰቦች ሕፃናት ላይ ይህን ጉዳት በተደጋጋሚ አይተው ጽፈዋል። ሕፃኑ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና የጤና ጣቢያ ሆኖ ሳለ ወደ ስለት መወሰዱ የጥርስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የስምጥ ሸለቆ ውኃ ነው። ኒውዚላንድ ፍሎራይድ በውኃዋ ላይ ለመጨመር ስትደክም፣ በስምጥ ሸለቆአችን ፍሎራይዱ ከመጠን ያለፈ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ውኃ 1.5 ሚሊግራምን የመጨረሻ ወሰን ያደርጋል፤ በሸለቆው የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። በ1987 የታተመ ጥናት በሸለቆው ተወልደው ካደጉት ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ የተጎዳ መሆኑን ገልጿል። የወንጂ ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ነው። በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረው ያ ቦታ፣ በጉድጓድ ውኃው ምክንያት የሠራተኞቹና የልጆቻቸው ጥርስ ሲጠቁር፣ ረጅም ዘመን የቆዩትም አጥንታቸው ሲገትር ታይቶበታል። ለአገሩ ሁሉ ስኳር የሚልክ መንደር ጥርሱን ያጣው በስኳር ሳይሆን በውኃ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

እዚህ ላይ የመምህሩ ድርሻ ከጤና ሠራተኛው ይቀድማል። በሸለቆው ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር የተማሪው ጥርስ ቡናማ ሆኖ ሲያይ፣ ባለማወቅ፣ ጥርስህን ለምን አትፍቅም ብሎ ሊቈጣው ይችላል። ቡናማው ነገር ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ጥርሱ በድድ ውስጥ ሲሠራ በፍሎራይድ ምክንያት ሽፋኑ ሳይጠነክር ቀርቶ የመጣ ነው። ምንም ቢፍቁት አይለቅም። ተማሪውም ይህን ከተሞክሮው ያውቃል፤ ስለዚህ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ወይም መሳቅ ይተዋል። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት፣ ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ መከላከሉ የሚቻለው በአፍ ውስጥ ሳይሆን በውኃ ማሰሮው ላይ ነው። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም፣ ከወንዝ የሚመጣ ንጹሕ ውኃ መዘርጋት፣ ይህም ካልተቻለ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች መጠጥና ወጥ የሚሆነውን ያህል በከሰለ አጥንት ማጣራት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ በደጋው ስለ ፍሎራይድ ሳሙና ጥቅም የሚሰጠው ትምህርት በሸለቆው እንዳለ ቢገለበጥ ሰሚውን ያሳስታል። ሠልጣኙ ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት አለበት፤ በሸለቆውም ቢሆን ሳሙናው ክልክል አይደለም፣ ትንሽ ሕፃን ግን እንዳይውጠው መጠኑ እጅግ ጥቂት ይሁን።

የዓለም ጤና ጉባኤ በ2021 የአፍ ጤናን ከሕክምና ወደ መከላከል ለማዞር ውሳኔ ካሳለፈ ወዲህ፣ አገሮች አፍና ጥርስን በመሠረታዊ ጤና ሠራተኞቻቸው ተግባር ውስጥ እንዲያካትቱ እየተጠየቁ ነው። በአገራችንም እንዲህ ያለው ሥልጠና ሲነደፍ የኒውዚላንዱ ቅጽ በዕቅድ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ መልካም ነው። በአዲሱ ቅጽ የመጀመሪያው ዓምድ፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ከገቡት ሕፃናት ውስጥ አንድም የበሰበሰ ጥርስ የሌላቸው ስንት እንደሆኑ የሚጠይቅ ይሁን። በስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች ደግሞ ሁለተኛው ዓምድ ተማሪዎቹ የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ መቼ እንደተለካና ስንት ሚሊግራም እንደተገኘበት ይመዝግብ።